የሚወለወል ግድግዳ

እናኑዬ፣

ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ተኩል ሆነ። ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፤ ያንን መስመር ዘልዬዋለሁ፣ ይቅር በይኝ። ስለኛ ከሆነ ደህና ነን። ልጃችን ትዕግስት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። እኔም ያው ያቺኑ የጭነት መኪና እየነዳሁ ነው፤ ከደባርቅ ዛሪማ፣ ከዛሪማ ሽሬ፣ ከዚያ ደግሞ መመለስ።

የምጽፍልሽ ስለ ቀለሙ ነው። ቤቱ ተቀባ። እንዴት እንደተቀባ ለሌላ ሰው ባወራው ተራ ነገር ይመስለዋል። ላንቺ ግን መንገር አለብኝ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ እውነቱን ልንገርሽ። አላለቀስኩም። የቀብርሽ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የማስበው መኪናው ላይ የቀረውን ሲሚንቶ ማን እንደሚያራግፈው ነበር። ከመቃብር ስንመለስ አንዲት ዘመድ «ደንግጦ ነው፣ ኋላ ይመጣበታል» ስትል ሰማሁ። ኋላ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አርባሽ አለፈ፣ ሰማንያሽ አለፈ፣ አልመጣም። እግር ሲደነዝዝ ታውቂያለሽ፤ ትረግጪበታለሽ፣ መሬቱ ግን አይሰማሽም። እንደዚያ ነው። ሊማሊሞን ስወርድ በየኩርባው «በስመ አብ» እል እንደነበር ታስታውሻለሽ። አሁን አልልም። አንድ ቀን ዛሪማ ደርሼ ሻይ ይዤ ተቀምጬ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት መቼ እንደወረድኩት ማስታወስ አቃተኝ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ያንቀጠቅጠኝ ነበር። ሻዬን ጠጥቼ ተነሳሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እህትሽ ውዴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች። ሳሎኑ መሀል ቆማ ባዶውን ግድግዳ ዙሪያውን ቃኘችው።

«የሙት ዓመቷን ተዝካር በዚህ ግድግዳ ልናወጣ ነው?» አለችኝ። «ሰው ምን ይላል?»

እውነቷን ነው። ወደ ቤቱ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል፣ ግድግዳው ግን ልስን እንደሆነ ቀርቷል። ስንገባ «ቀለሙ ይደርሳል» ያልሽው አንቺ ነሽ። ልስኑ እንዳይሰነጠቅ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄድሽ በፊት በጆግ ውሃ ታጠጪው ነበር። ነጭ ጋዋንሽን ለብሰሽ ግድግዳ ስታጠጪ ጎረቤት አይቶ «መምህርት፣ ይበቅላል ብለው ነው?» ሲልሽ፣ ጆጉ እስኪያዘነብልሽ ሳቅሽ።

«እሺ፣ እናስቀባዋ» አልኳት። በዚያ ሰሞን ለተባልኩት ሁሉ መልሴ እሺ ነበር።

«እንግዲያው ፒች ነው፣ ያ ፈዛዛው ብርቱካንማ» አለች ውዴ። «ራሷ ነግራኛለች። የኔን ሳሎን እያየች፣ እኔም ይሄንኑ ነው የማስቀባው ብላኛለች።»

ትዕግስት ከጓዳ ወጣች። «አይደለም እትዬ። ፈዛዛ ወይን ጠጅ ነው። እማዬ ለኔ ነው የነገረችኝ።»

«መቼ ነው የነገረችሽ?»

«ለሕክምና ጎንደር ከመሄዷ በፊት። አልጋዋ ላይ ተቀምጠን።»

«እኔ እኮ እህቷ ነኝ!»

«እኔም ልጇ ነኝ!»

ልጃችን እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

«አንተስ? ለአንተ ምን አለችህ?» አለች ውዴ።

«ክሬም» አልኩ።

ያልኩት እውነት ነበር፤ ክሬም ብለሽኛል።  ውዴ ነጠላዋን አጣፋች። «አንዳችን ዋሽተናል ማለት ነው። በሟች አይዋሽም» አለችና ወጣች። በሳምንቱ፣ ቃልሽ ካልተጠበቀ ሙት ዓመቱ ላይ እንዳንጠብቃት ላከችብን።

ትዕግስትም ዘጋችኝ። «አንተም አላመንከኝም» አለችኝና ክፍሏ ገባች። እናኑ፣ ይሄን በደንብ ስሚኝ። ልጃችን አሥር ወር ሙሉ ከውዴ በቀር የምታወራው ሰው አልነበራትም። ከኔ ጋር ማውራት ከዚያ ከልስኑ ጋር እንደ ማውራት ነው። አሁን ውዴም ቀረችባት። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ በሯን ትዘጋለች። ክፉ ነገር እየሆነ እንደሆነ ይገባኛል፤ የገባኝ ግን እንደ ሰው ወሬ ነው።

አንድ ቀን ብቻዬን ስሆን ዕቃሽን ፈተሽኩ። ከሐጅ ሰዒድ ሱቅ ተውሰሽ ያልመለስሽውን የቀለም ካርድ የትምህርት ቤት ቦርሳሽ ውስጥ አገኘሁት። ምልክት ያደረግሽበት ቀለም ይኖራል ብዬ አንድ በአንድ አየሁ። የለም። ቀሚሶችሽን አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋኋቸው። ሰማያዊ አለ፣ ቡኒ አለ፣ አበባ አበባ ያለበት አለ፤ ግማሹን ውዴ ናት የሰጠችሽ፣ ሁለቱን እኔ ከሽሬ ያመጣሁልሽ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬሽ ኖሬ የምትወጂውን ቀለም አላውቅም። ይሄን ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ እንዲያም ብዬ ምንም አልተሰማኝም። ቀሚሶቹን አጣጥፌ መለስኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ዳባት ወረድኩ፣ እናትሽ ጋ። እማሆይ ደህና ናቸው። ቆባቸውን አድርገው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ደረስኩ። ገና ሳልቀመጥ ጠየቅኋቸው።

«እማሆይ፣ እናኑ ቤቱን ምን ቀለም ልትቀባው እንዳሰበች ነግራዎት ነበር?»

«ነግራኛለች እንጅ» አሉኝ። «ነጭ። እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ነጭ።»

አራት ሆነ ማለት ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የውዴን ፒች፣ የትዕግስትን ወይን ጠጅ፣ የኔን ክሬም፣ ጠቡንም። ሰምተውኝ ሲያበቁ ሳቁ። አንቺ ካረፍሽ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አየ ሞላ» አሉኝ። «ልጀን አታውቃትምና ነው? ቀለሙን መጀመሪያ ማን ተናገረ? እሷ ናት ወይስ አንተ?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«እኔንማ ‹እማ፣ ምን ቀለም ይሻላል?› ብላ ጠየቀችኝ። ነጭ አልኳት። ‹እኔም እሱን ነው ያሰብኩት› አለችኝ። ከልጅነቷ እንዲያ ናት። ውዴ ንፍሮ ካማራት እሷንም የሚያምራት ንፍሮ ነው። ሰው ደስ ሲለው ማየት ነው የምትወድ።»

እዚያው መደቡ ላይ እንደተቀመጥኩ ትዝ አለኝ። መኪናው ሥር ተኝቼ ዘይት እየቀየርኩ ነበር። መጥተሽ ስትቆሚ የሚታየኝ ጫማሽ ብቻ ነው። «ሞላ፣ ከነዚህ የቱን ትወዳለህ?» አልሽኝ። አልወጣሁም። ካርዱን አላየሁትም። የጋቢናው ቀለም ክሬም ስለሆነ ነው መሰለኝ «ክሬም» አልኩሽ። «እኔም እሱን ነው ያሰብኩት» አልሽ። ከዚያ ወዲያው አልሄድሽም፤ ጫማሽ ትንሽ ቆየ። እኔ ደግሞ «እስቲ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፉን አቀብይኝ» አልኩሽ። ጎንበስ ብለሽ አቀበልሽኝና ሄድሽ።

ይሄን ለእማሆይ አልነገርኳቸውም።

«ታዲያ እሷ ራሷ ምን ነበር የምትወደው?» አልኳቸው።

 እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ያው በእበትና በአፈር የተለቀለቀው የድሮ ግድግዳቸው ነው።

«ይሄን ቤት የምትለቀልቀው እሷ ነበረች» አሉኝ። «ክረምት በወጣ ቁጥር እበቱን ከአፈሩ ጋር ረግጣ፣ አቡክታ፣ ዙሪያውን በእጇ ነው የምትለቀልቅ። በብርዱ መዳፏ ይሰነጣጠቅ ነበር። ተማሪ ሳለች አንድ ቀን እያለቀሰች መጣች። ደብተርሽ እበት እበት ይሸታል ብለው ስቀውባታል። ያን ቀን ‹እማ፣ እኔ ቤት ስሠራ በጨርቅ የሚወለወል ግድግዳ ነው የሚኖረኝ› አለችኝ። ስለ መወልወል ነው የሰማሁ እንጅ ስለ ቀለም ምንም አልሰማሁ።»

ይሄን ለኔ ነግረሽኝ አታውቂም። ወይም ነግረሽኝ እኔ መኪና ሥር ነበርኩ።

ደባርቅ ስመለስ ቀጥታ ውዴ ቤት ሄጄ ጠራኋት። መምጣት አልፈለገችም። «ስለ እናኑ ነው፣ ከእማሆይ ዘንድ ነው የምመጣው» ስላት መጣች። ትዕግስትንም ከክፍሏ አስወጣኋት። ቁጭ አድርጌ እናትሽ ያሉትን ነገርኳቸው። መኪናው ሥር የሆነውንም ጨምሬ ነገርኳቸው።

ትዕግስት ጥፍሯን እያየች «እኔንም መጀመሪያ ጠይቃኛለች» አለች። «የቱ ያምርሻል አለችኝ። ወይን ጠጁን አልኳት።»

ውዴ ተነስታ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ ፒች ያልኳት» አለች ለራሷ። «ሳሎኔን እያሳየሁ እኔ ነኝ ፒች፣ ፒች እያልኩ ያደከምኳት። እሷማ ዝም ብላ ነበር።» ማልቀስ ጀመረች። ትዕግስት ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ትከሻዋን አቀፈቻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። በመኪና መስታወት መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች አይቼ የማልፍ ዓይነት ነበር። ቢሆንም ሁለቱ አንድ ደረጃ ላይ መቀመጣቸው ጥሩ እንደሆነ ገብቶኛል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጌትነት የሚባል ቀለም ቀቢ አገኘሁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ቤቱን ዞሮ ለካና የምፈልገውን ነገርኩት።

«ጋሽ ሞላ፣ የውስጡን ግድግዳ ሙሉውን በዘይት ቀለም?» አለኝ። «ሰው እኮ የውሃ ቀለም ነው የሚቀባው። ዘይቱ ያብለጨልጫል። በዚህ ብርድ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም።»

«ይወለወላል?»

«በሳሙና ብታጥበው ምንም አይል።»

«በቃ ዘይት ይሁን» አልኩት።

ሐጅ ሰዒድ ሱቅ አብረን ሄድን። ካርዱንም መለስኩላቸው፤ «አላህ ነፍሷን ይማር፣ ይቺን ይዛ ሦስት ጊዜ መጥታ ነበር» አሉኝ። በዘይት ቀለም እጃቸው ላይ የነበራቸው ነጭ፣ ግራጫ፣ ቡኒና አንድ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። «ሌላ ከፈለግህ ከጎንደር አስመጣልሃለሁ። ብቻ የምትፈልገውን ንገረኝ» አሉኝ። የምፈልገውን! እዚያ ባንኮኒው ፊት ብዙ ቆምኩ። ሌላ ደንበኛ መጣ፣ ሚስማር ገዝቶ ሄደ። የምፈልገው ነገር አልነበረም እናኑ። ካርዱን እንደገና ከባንኮኒው አነሳሁና አረንጓዴውን ወደ በሩ ብርሃን አውጥቼ አየሁት። ነጩንም አየሁ። ግራጫውንም አየሁ። ተመልሼ «አረንጓዴው ይሁን» አልኳቸው። ለምን ብትዪኝ መልስ የለኝም። ተጠየቅሁ፣ አይቼ መለስኩ።

ውዴ የመጀመሪያው ግድግዳ ተቀብቶ ስታየው «ጤና ጣቢያ አስመሰላችሁት» አለች። ትዕግስት ከት ብላ ሳቀች። አስቂኝ ነገር መሆኑ ገብቶኝ እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርኩ።

ጌትነት ሳሎኑን ጨርሶ፣ የትዕግስትን ክፍል ጨርሶ በሦስተኛው ቀን የኛ መኝታ ቤት ደረሰ። አልጋውን ከግድግዳው ስቦ ጠራኝ።

«ጋሽ ሞላ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ከራስጌው በላይ የትሪ ስፋት ያለው ጠቆር ያለ ነገር ግድግዳው ላይ አለ። ለካ የተደራረበው ትራስ ይከልለው ነበር። ወዲያው አወቅሁት። መተኛት ሲያቅትሽ አራት ወር ሙሉ ቁጭ ብለሽ ራስሽን ያስደገፍሽበት ነው። ፀጉርሽ እየደረቀ ሲረግፍ እማሆይ ከዳባት እየመጡ በየሳምንቱ ቅቤ ይቀቡሽ ነበር። ልስኑ ባዶ ስለነበር ቅቤውን ጠጥቶታል።

«ቅቤ ነው» አልኩት።

ጌትነት ገባው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅቤ በጠጣ ልስን ላይ ይሄ ቀለም አይዝም፤ ይላጣል። መፋቅ አለበት፣ ከዚያ በስቱኮ ይሞላል። ካልሆነም…» አለና ወደ አልጋው ዞረ። «ካልሆነም ይቺን ቦታ እንዝለላትና ትራሱ ይሸፍናታል። እንዳልክ ነው።»

«ምሳህን በልተህ ና» አልኩትና መፋቂያ ስፓቱላውን ከእጁ ተቀበልኩት።

እኔው ፋቅሁት። መጀመሪያ ላይ አቧራ ብቻ ነበር የሚወጣው። ገባ ሲል ሽታው መጣ። አሥራ አንድ ወር የቆየ ቅቤ እንዴት እንደሚሸት ታውቂያለሽ፣ ሻግቷል። ከሥሩ ግን አሪቲው አለ፤ እናትሽ ቅቤው ውስጥ የሚጨምሯት አሪቲ። ጥቂት ቆም አልኩ። ደግሞ ቀጠልኩ። ሲሚንቶው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ቀስ ብዬ፣ ጠርዝ ጠርዙን ሳይቀር ፋቅሁት። ስፍቀው የፈራሁት፣ ከጠፋ ምንም አይቀረኝም ብዬ ነበር። ጠፋ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ነበርኩ።

እዚህ ጋ አለቀስኩ ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። አላለቀስኩም፣ አልዋሽሽም። የሆነው ሌላ ነው። ወጥቼ እጄን ስታጠብ ራበኝ። ሆዴ ጮኸ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰዓቱ ሲደርስ የቀረበልኝን እበላ ነበር እንጂ ርቦኝ አያውቅም፤ ርሃብ ምን እንደሚመስል እንኳ ረስቼው ኖሯል። ጓዳ ገብቼ «ትዕግስት፣ የሚበላ ነገር አለ ወይ?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ርቦህ ነው?» አለችኝ፤ ሰው እንዲያ ተገርሞ ሲጠይቅ አላየሁም።

«በጣም።»

ሽሮ አሙቃ አቀረበችልኝ። በላሁ። ድገሚኝ አልኳት፣ ደገመችኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አገጯን በእጇ ደግፋ ስታየኝ ቆየች። እኔም «ለምንድን ነው ግን ወይን ጠጅ የምትወጂው?» አልኳት። መጀመሪያ «እኔንጃ» አለች። ከዚያ ማውራት ጀመረች። ስለ ቀለም ጀምራ ስለ ጓደኛዋ፣ ስለ ፊዚክስ መምህሯ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቢደርሳት ብቻዬን እንዴት እንደምሆን እያሰበች እንቅልፍ እንደሚነሳት ነገረችኝ። ይሄን ሁሉ ተሸክማ ነበር የምትዞረው። ጌትነት ምሳውን በልቶ፣ ተመልሶ፣ ስቱኮውን ለውሶ መሙላት ጀምሮ ነበር፤ እኛ ገና አልጨረስንም።

እንግዲህ ቤቱ ተቀባ። ሙት ዓመትሽ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ውዴ ጌሾውን ራሷ ገዝታ አምጥታለች፤ ጠላውን የምትጥለው እሷ ናት። ሽታው እንዲወጣ መስኮቱን ከፍተን ስለምንውል ብርዱ አልተቻለም፤ ትዕግስት ጋቢዬን ተከናንባ ነው የምታጠናው። እኔ አሁንም ደንዛዛ ነኝ፤ ሁሉ ነገር ተመለሰልኝ ብዬ አላታልልሽም። አንዳንድ ቀን ይርበኛል፣ አንዳንድ ቀን አይርበኝም። ባለፈው ሳምንት ሊማሊሞ ሦስተኛው ኩርባ ላይ የሚወጣ አውቶቡስ ገጥሞኝ ልቤ ድው አለ። ከዛሪማ ደውዬ ለትዕግስት ነገርኳት፤ ልጅቷ ምን ትበል፣ «እሰይ» አለችኝ።

ትናንት ማታ ውዴ «ለተዝካሩ የሚመጣ ሰው ስለ ቀለሙ ይጠይቃል። እሷ መርጣው ነው እንበል፣ ደስ ይላል» አለችኝ። እምቢ አልኳት። አረንጓዴውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ካላማረም የኔ ጥፋት ነው።

አንድ ነገር ቃል ልግባልሽና ላብቃ። ስለ አንቺ የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ለማንም አልናገርም። ትወደው ነበር፣ ትፈልገው ነበር እያልኩ የኔን ፍላጎት ባንቺ አፍ አላስወራም፤ በሕይወት እያለሽ ያደረግነው ይበቃል። የማውቀው ትንሽ ነው። ያችን ትንሽ ግን እስክሞት አንዷንም አልጥላትም፤ ትዕግስት በጠየቀችኝ ቁጥር እነግራታለሁ፣ ባትጠይቀኝም እነግራታለሁ። የማላውቀውን ደግሞ ከሚያውቁሽ ሰዎች ደጅ እየዞርኩ እጠይቃለሁ። የፊታችን ቅዳሜ እማሆይ ዘንድ እወርዳለሁ፤ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ስትሄጂ ምን እንዳልሽ ሊነግሩኝ ቀጥረውኛል።

ባለቤትሽ
ሞላ